«ተንሳፈፈ»፣ «አንዣበበ»፣ «በረረ»፦ ለቀደምት በራሪዎች የትኛው ግስ ይስማማል?

ጥያቄ፦ ስለ ሰው ልጅ የመጀመሪያ በረራዎች ለተማሪዎች ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ነው። በፊኛ የወጡትን «ተንሳፈፉ»፣ ሞተር አልባ ክንፍ ይዞ ከኮረብታ ይነሣ የነበረውን ጀርመናዊ ኦቶ ሊሊየንታልን «አንዣበበ»፣ ባለ ሞተር ማሽን የሠሩትን አሜሪካውያን ራይት ወንድማማቾችን፣ ኦርቪልንና ዊልበርን፣ ብቻ «በረሩ» ብያለሁ። አርታዒዬ ግን ሁሉንም «በረሩ» በል ይሉኛል።

መልስ፦ በፊኛው ጉዳይ ከእርስዎ ጋር ነኝ። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 21 ቀን 1783 ፒላትር ደ ሮዚዬና ማርኪ ዳርላንድ ፓሪስ ላይ 25 ደቂቃ ያህል አየር ላይ ሲቆዩ፣ ሥራቸው እሳቱን ገለባ ማጉረስና ጨርቁን የሚበሳሱትን ፍንጣሪዎች በእርጥብ ስፖንጅ ማጥፋት ነበር። መንገዱን የመረጠላቸው ነፋሱ ነው። ይህ መንሳፈፍ ነው።

«አንዣበበ» ግን አልተዋጠልኝም። አሞራ የሚያንዣብበው ከሥሩ የሚፈልገው ነገር ሲኖር ነው፤ «አደጋ አንዣቦብናል» የምንለውም ለዚሁ ነው። ሊሊየንታል ምን ላይ ያንዣብብ?

ሌላ መልስ፦ እኔም ስለ ሊሊየንታል ከአርታዒው ጋር ነኝ። ንስር ክንፉን ሳያርገበግብ ዘርግቶ ቢሄድም «በረረ» ከማለት የሚከለክለን የለም። ሰውየው እ.ኤ.አ. ከ1891 እስከ 1896 በክንዶቹ ተንጠልጥሎ፣ እግሩን ወዲያና ወዲህ እያወዛወዘ ሚዛኑን ሲጠብቅ ኖሮ፣ በመጨረሻ ከ15 ሜትር ገደማ ወድቆ በማግሥቱ ሞተ። እሱን «በረረ» ካላልነው ማንን ልንል ነው?

የራይቶቹን ልዩነት ከፈለጉ «አበረሩ» ይበሉ። «አብራሪ» የሚለው ስምም ከዚያው ግስ የመጣ ነው። በማሽናቸው ላይ በሆዱ የተኛው ሰው ዳሌውን ወደ ጎን ሲገፋ ሽቦዎች የክንፎቹን ጫፍ ይጠመዝዙ ነበር፤ ስለዚህ ማሽኑ የሚሄደው በሰው ፈቃድ ነው። የፓሪሶቹ ይህ አልነበራቸውም።

ጠያቂው፦ «አበረሩ»ን ወስጃለሁ፤ አመሰግናለሁ። እ.ኤ.አ. ለዲሴምበር 17 ቀን 1903ቱ የራይቶቹ የመጀመሪያ በረራ «ከነፈ» ብል ግን አያምርም?

መልስ፦ ለጆሮ ያምራል፤ «ከነፈ» ግን ፍጥነት አለበት። ኦርቪል በመጀመሪያው ሙከራ በ12 ሰከንድ የሄደው 37 ሜትር ነው። ብርቱ ነፋስ ፊት ለፊት ይገፋው ስለነበር ከመሬቱ አንጻር በሰዓት 11 ኪሎ ሜትር ገደማ ማለት ነው፤ ከጎኑ የሚሮጥ ሰው ይቀድመው ነበር። በዚያው ቀን ዊልበር በ59 ሰከንድ 260 ሜትር ሄዷል፤ እሱም ቢሆን አልከነፈም።