ጠገራ ብር፣ የምኒልክ ብርና የወርቅ ሳንቲም በአንድ ፓኬት፦ ጉምሩክ ላይ በየትኛው የታሪፍ ቁጥር ይገባሉ?

ሐብል ሠሪ (ፍራንክፈርት)

ሰላም ለሁላችሁ። ከአሜሪካ ወደ ጀርመን የሚላክልኝ ፓኬት አለ። ውስጡ 40 አዲስ ጠገራ ብር (ቪየና የተመታ፣ 1780 የሚል)፣ 3 የምኒልክ ብር ፲፰፻፹፱ የተጻፈባቸው፣ 6 የኒኬል ሳንቲሞች ፲፱፻፳፫ የተጻፈባቸው፣ 2 ክሩገርራንድ (የደቡብ አፍሪካ የወርቅ ሳንቲም) እና ጠገራ የተንጠለጠለበት አንድ የአንገት ሐብል ነው። ላኪው ሁሉንም ጠቅልሎ «አሮጌ ሳንቲሞች፣ 9705» ብሎ (የሰብሳቢ ዕቃ የታሪፍ ቁጥር ነው) ኢንቮይስ ሊሠራ ነው። ቀረጡ ዜሮ ስለሆነ ለውጥ የለውም ይላል። እውነት ነው? ቫቱስ እንዴት ነው?

ምዕራፍ 71

ኢንቮይሱ ላይ አንድ መስመር አይበቃም፤ አምስት መስመር ያስፈልጋል። ቀረጡ ዜሮ ነው የሚባለውም ለሐብሉ አይሠራም።

መነሻው እንዲህ ነው። 7118 የሳንቲም ቁጥር ነው፤ በመንግሥት ቁጥጥር፣ በተወሰነ ክብደትና ቅርጽ፣ ለመገበያያ የተመታ ማለት ነው። ከመገበያያነት የወጣም እዚያው ይቆያል። 7118.10 ወርቅ ላልሆነና አሁን ሕጋዊ ገንዘብ ላልሆነ ሳንቲም ነው። 7118.90 ደግሞ የቀረውን ሁሉ ይይዛል፦ የወርቅ ሳንቲም ሕጋዊ ገንዘብ ሆነም አልሆነም፣ እንዲሁም ዛሬም የሚሠራበትን ማንኛውንም ሳንቲም። 9705 የሚመጣው ዕቃው በእርግጥ የሰብሳቢ ዕቃ ሲሆን ብቻ ነው። የአውሮፓ ፍርድ ቤት በ1985 እ.ኤ.አ. ያስቀመጣቸው መለኪያዎች ዛሬም ይሠራሉ፤ ብርቅ መሆን፣ ለተሠራበት አገልግሎት አለመዋል፣ ከተራው ንግድ ውጭ መሸጥና መገዛት፣ ዋጋው ከፍ ያለ መሆን።

ወደ እርስዎ ፓኬት ስንመጣ፣ 40ው አዲስ ጠገራ 7118.10 ነው። 1780 የሚለው ጽሑፍ የሳንቲሙ ዕድሜ አይደለም፤ ቪየና እስከ ዛሬ በዚያው ዓመተ ምሕረት ትመታዋለች፤ በኦስትሪያ ከመገበያያነት የወጣው ደግሞ በ1858 እ.ኤ.አ. ነው። አንድ ዓይነት ሳንቲም በ40 ቁጥር መምጣቱ ራሱ የሰብሳቢ ዕቃ ነው የሚለውን ያፈርሰዋል። ኢንቮይሱ ላይ «ዘመናዊ ምት» ተብሎ ይጻፍ። ሳይጻፍ ቀርቶ መርማሪው 1780 ካነበበ፣ ከ200 ዓመት በላይ የሆነ ጥንታዊ ዕቃ መስሎት የባህል ዕቃ ጥያቄ ያነሣል፤ ፓኬቱም ይያዛል።

ክሩገርራንዱ 7118.90። ሐብሉ ሳንቲም መሆኑ አብቅቷል፤ ማንጠልጠያ ተበይዶበት ጌጥ ከሆነ የብር ጌጥ ነው፣ 7113.11፣ ቀረጡም 2.5 በመቶ።

የምኒልኮቹና የኒኬሎቹ ጉዳይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 9705 ለሳንቲም ሁለት ሆኗል፤ 9705.31 ከ100 ዓመት በላይ፣ 9705.39 ከዚያ በታች። ፲፰፻፹፱ በእኛ አቆጣጠር ስለሆነ በፈረንጆቹ 1896/97 ነው፤ 100 ዓመቱን አልፏል፣ 9705.31። የኒኬሎቹ ፲፱፻፳፫ ግን 1930/31 ነው፤ 100 ዓመት ገና አልሞላውም። ላኪው 1923 ብሎ እንዳለ ቢገለብጠው 9705.31 ውስጥ ይወድቃል፣ ስህተትም ይሆናል። ትክክሉ 9705.39 ነው፤ ተራ የተበላ ሳንቲም ከሆነ ደግሞ 7118.10። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ቁጥር ጎን ሁለቱም አቆጣጠር ይጻፍ።

ቫት አስሊ

የቀረጡ ነገር ከላይ ተነግሯል፤ ገንዘቡ ያለው ቫቱ ላይ ነው።

ጀርመን ከከበረ ማዕድን ለተሠራ የሰብሳቢ ሳንቲም 7 በመቶ የምታስከፍለው ዋጋው በውስጡ ካለው ንጹሕ ማዕድን ዋጋ ከ250 በመቶ ሲበልጥ ነው። ካልበለጠ 19 በመቶ። ጠገራ 28.0668 ግራም፣ ንጥረቱ 833 በሺህ፣ ንጹሕ ብሩ 23.39 ግራም። ለስሌት እንዲመች ብር በግራም 1 ዩሮ ነው እንበል፦ የማዕድኑ ዋጋ 23.39 ዩሮ፣ ወሰኑ 58.47 ዩሮ ይሆናል። አዲስ ጠገራ በተለምዶ ከማዕድኑ ዋጋ ብዙ ስለማይርቅ 19 በመቶ ይከፍላል። የምኒልክ ብር 28.075 ግራም በ835 ንጥረት ነው፤ ወሰኑ 58.61 ዩሮ። የብር ዋጋ ሲወጣ ወሰኑም አብሮ ይወጣል፤ አምና 7 በመቶ የከፈለ ሳንቲም ዘንድሮ 19 ሊከፍል ይችላል። ስለዚህ የዕለቱን የብር ዋጋ አትመው ከኢንቮይሱ ጋር ያያይዙ። ለኒኬሎቹ ይህ ስሌት የለም፤ የሰብሳቢ ዋጋ እንዳላቸው ካሳዩ 7 ነው።

ክሩገርራንድ የመዋዕለ ንዋይ ወርቅ ስለሆነ ከቫት ነፃ ነው። መስፈርቱ ንጥረቱ ቢያንስ 900 በሺህ፣ ከ1800 እ.ኤ.አ. በኋላ የተመታ፣ በአገሩ ሕጋዊ ገንዘብ የሆነ ወይም የነበረ፣ ዋጋው ከወርቁ ዋጋ ቢበልጥም ብልጫው ከ80 በመቶ የማያልፍ ነው። ይህ ግን በራሱ አይታይም፤ መስመሩ ላይ ክብደት (33.93 ግራም)፣ ንጥረት (916.7) እና የተመታበት ዓመት መስፈር አለባቸው። ከሌሎቹ ጋር ተጠቅልሎ ከመጣ ትራንዚተሩ ለሁሉም 19 ይመታበታል፤ መልሶ ማስተካከሉ ደግሞ ረጅም ደብዳቤ ነው።

ላኪው ማየት ያለበት ሌላም አለ። በአንድ ስኬጁል ቢ ቁጥር (የአሜሪካ የኤክስፖርት ዕቃ መለያ) ከ2,500 ዶላር በላይ ከሆነ የኤክስፖርት መረጃ በኤሌክትሮኒክ መንገድ ማስገባት አለበት፤ ሁለቱ ክሩገርራንድ ብቻ ያንን ያልፋሉ። ብዙ ኩሪየሮች ሳንቲምና ወርቅ በውላቸው ስለሚከለክሉም ከመላኩ በፊት ውሉ ይነበብ። ተደብቆ ከተላከ መድኑ አይከፍልም።

ሐብል ሠሪ (ፍራንክፈርት)

እግዜር ይስጥልኝ፣ ግልጽ ነው። ሁለት ነገር ቀረኝ። ጠገራዎቹ ሐሰተኛ ቢሆኑስ? ደግሞም የአክስቴ ልጅ ከአዲስ አበባ ስትመጣ ሌላ አራት የምኒልክ ብር ልትይዝልኝ ትችላለች? በሻንጣ ስለሆነ ይቀላል ብዬ ነው።

ምዕራፍ 71

ሐሰተኛ ከሆነ ሳንቲም አይባልም፤ 7118ም 9705ም አይሆንለትም። ከመላኩ በፊት ላኪው በሚዛንና በጠርዙ ይፈትሸው። ዲያሜትሩ 39.5 ሚሊሜትር ነው፤ ጠርዙ ላይ «ዩስቲቲያ ኤት ክሌሜንቲያ» የሚለው የላቲን ጽሑፍ ብቅ ብሎና ጥርት ብሎ መነበብ አለበት። በቀለጠ ብረት የተቀዳ ሐሰተኛ እዚያ ላይ ፊደሉ ይደፈናል።

የአክስትዎ ልጅ ነገር ግን ከታሪፍ በላይ ነው። በኢትዮጵያ አዋጅ ቁጥር 209/1992 (በእኛ አቆጣጠር) መሠረት ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም፤ የምኒልክ ብርም እንደ ቅርስ ይታያል። ቦሌ ላይ ቢገኝባት ይወረሳል፣ እሷም ትጠየቃለች። ይህን እንደ ቀላል አይዩት፤ ከአገር በወጣ ቁጥር የሚጎድለው የሁላችንም ነው። ተሸሽጎ ፍራንክፈርት ቢደርስ እንኳ፣ የአውሮፓ ኅብረት ደንብ 2019/880 ከተሠሩበት አገር ሕግ ተጥሶ የወጡ ከ100 ዓመት በላይ የሆኑ ሳንቲሞችን ከታኅሣሥ 2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንዳይገቡ ይከለክላል። ቀረጡ ዜሮ መሆኑ አያድንም።

መንገዱ ይህ ነው፤ ከጉዞው ሳምንታት ቀድማ ሳንቲሞቹን ይዛ ወደ ኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ትሂድ፣ ዕቃው ይታይ። ከተፈቀደ የፈቃዱን ዋና ቅጂ ከየሳንቲሙ የሁለት ፊት ፎቶ ጋር በእጅ ሻንጣ ይዛ ትምጣ፤ ካልተፈቀደ እዚያው ይቅር።

ቫት አስሊ

አንድ ጭማሪ። ክሩገርራንዱን በኩሪየር ትተው በኪስ ለማምጣት ካሰቡ፣ ቢያንስ 90 በመቶ ወርቅ የሆነ ሳንቲም ለአውሮፓ ኅብረት እንደ ጥሬ ገንዘብ ይቆጠራል። ከያዙት ገንዘብ ጋር ተደምሮ 10,000 ዩሮ ከሞላ ሲገቡም ሲወጡም በጽሑፍ ማስታወቅ ግዴታ ነው። ጠገራው ብር ስለሆነ እዚህ ውስጥ አይገባም። እንዲህ ያለ ዕቃ ደጋግመው የሚያስገቡ ከሆነ ደግሞ ለሐብሉ አስቀድመው አስገዳጅ የታሪፍ ውሳኔ (ጉምሩክ ቁጥሩን አስቀድሞ የሚወስንበት) ይጠይቁ፤ በኅብረቱ ሁሉ ለ3 ዓመት ይሠራል፣ የመበየጃውን ቅርብ ፎቶ ማያያዝ አይርሱ።