አሮጌውን ዶሜይን ኮንትሮለር ነቅዬ ብጥለው ምን ይመጣል?

ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁ። ሦስት ዶሜይን ኮንትሮለር (አካውንትና ፓስወርድ ይዞ ሰው ኮምፒውተር ላይ ሲገባ የሚያረጋግጥ ሰርቨር) አለን። ሁለቱ አዲስ ናቸው፣ ሦስተኛው ዊንዶውስ ሰርቨር 2012 አር2 ነው፤ ድጋፉም እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2023 አብቅቷል። ያለው ነገር ሁሉ አዲሶቹ ላይ ስለሚገለበጥ፣ ነቅዬ ዲስኩን ፎርማት ላደርገው ነበር፤ ግን ልቤ እሺ አላለኝም። ነገ ጠዋት ሰው ሁሉ መግባት አቅቶት ከሚንጫጫብኝ ዛሬ ልጠይቅ ብዬ ነው። ከየት ልጀምር?

መልስ 1

እንኳን ጠየቅክ። በፍጹም እንዳትነቅለው! ሌሎቹ ሰርቨሮች እሱ መሄዱን ማወቅ አለባቸው። ዝም ብለህ ካጠፋኸው ስሙ ዳይሬክተሪው (የአካውንቶቹ መዝገብ) እና ዲኤንኤሱ (የኮምፒውተር ስምን ወደ አይፒ አድራሻ የሚተረጉመው) ውስጥ ይቀራል፣ እነሱም የሌለ ሰርቨር ሲጠሩ ይኖራሉ።

መጀመሪያ ኮማንድ ላይ «ኔትዶም ኳየሪ ኤፍኤስኤምኦ» በልና አምስቱ ሮሎች (እያንዳንዳቸውን በአንድ ጊዜ አንድ ሰርቨር ብቻ የሚይዛቸው ልዩ ሥራዎች) የት እንዳሉ እይ። እሱ ላይ ካሉ፣ ገና በሕይወት እያለ ወደ አዲሱ አዛውራቸው። ከአምስቱ አንዱን፣ ፒዲሲ ኢሙሌተሩን፣ ስታዛውር ሰዓቱን አደራ! ዶሜይኑ ሰዓት የሚወስደው ከእሱ ነው፣ ከ5 ደቂቃ በላይ ከተዛባ ኬርቤሮስ (የመግቢያ ማረጋገጫው) ሰው አያስገባም። ሪፕሊኬሽኑ (ሰርቨሮቹ መረጃ እርስ በርስ የሚገለባበጡበት) ከስህተት ነፃ እስኪሆን ደግሞ ወደፊት አትሂድ።

መልስ 2

ከላይ የተባለው ልክ ነው። እኔን የጎዳኝ ግን ሌላ ነው፤ አይፒው በእጅ የተጻፈባቸው ነገሮች። ማታ ሁሉንም በደንቡ ጨርሼ ተኛሁ፣ ጠዋት ግማሹ ሰው «ኢንተርኔት የለም» አለኝ፤ ለካ ዲኤችሲፒው (ለኮምፒውተሮች የኔትወርክ አድራሻ የሚያድለው) አሁንም የአሮጌውን አይፒ ዲኤንኤስ ብሎ ያድል ነበር። ስካነሩ፣ ቪፒኤኑ፣ ማን እንደጻፈው የማይታወቅ የቆየ ፕሮግራም፣ ሁሉም እሱን ነበር የሚጠሩት።

ስለዚህ የዲኤንኤስና የኤልዳፕ (ፕሮግራሞች ዳይሬክተሪውን የሚጠይቁበት መንገድ) ሎጉን ክፈትና ለሁለት ሳምንት ያህል ማን እንደሚጠራው ተከታተል። ከዚያ የኔትወርክ ገመዱን ብቻ ነቅለህ ጥቂት ቀን ተወው። የተቸገረ ካለ ይደውልልሃል፣ አንተም መልሰህ ትሰካለህ። ግን እንዳትረሳው! የቱምስቶን ጊዜው (የተሰረዘ ነገር ምልክት ዳይሬክተሪው ውስጥ የሚቆይበት) ብዙ ጊዜ 180 ቀን ነው፣ በቆዩት ላይ 60። እሱ ካለፈ መልሰህ ብትሰካው የተሰረዙ አካውንቶችን ይዞብህ ሊመጣ ይችላል።

ጠያቂው

ተባረኩ። ሎጉን አሁኑኑ ከፈትኩት፣ ገና በአንድ ሰዓት ውስጥ አራት የማላውቃቸው አይፒዎች መጡ። ሰርተፊኬት ሰርቪስም (ዲጂታል ሰርተፊኬት የሚሰጠው) እዚያው ላይ አለ፣ ችግር አለው?

መልስ 1

አለው። መጀመሪያ እሱን ከነግል ቁልፉ ባክአፕ ወስደህ ወደ ሌላ ሰርቨር አዛውረው፤ እሱ እያለ ዲሞት ማድረግ (ዶሜይን ኮንትሮለርነቱን በደንቡ መሻር) አይፈቅድልህም። ከዚያ ገመዱን ሰክተህ፣ ሪፕሊኬሽኑ ሲስተካከል፣ ከሰርቨር ማናጀር ዲሞት አድርገው። በግድ የሚያስወግደውን ምርጫ አትንካ፣ እሱ ከሌሎቹ ጋር መነጋገር ላቃተው ሰርቨር ነው፤ ከተጠቀምክበት ቅሪቱን በእጅህ ታጸዳለህ። ሲያልቅ ዲኤንኤሱ ውስጥና ሳይትስ ኤንድ ሰርቪስስ (የሰርቨሮቹ ዝርዝር ያለበት መሣሪያ) ላይ ስሙ ከቀረ ሰርዘው።

ዲስኩን ደግሞ በተራ ፎርማት ብቻ አትለፈው። የሁሉም ሰው የፓስወርድ ሃሽ (በቀመር ተለውጦ የተቀመጠ ፓስወርድ) የነበረበት ነው፣ በደንብ ደምስሰው ወይም ሰባብረው።