በስሎው ኩከር የቴክስ-ሜክስ ፓስታ ሾርባ፦ መኮሮኒው መቼ ይግባ?

ጓዳ_ለጓዳ

ሰላም ናችሁ። የተፈጨ ሥጋ፣ ቦሎቄ፣ በቆሎና ቲማቲም ያለበትን ወፍራሙን የቴክሳስ ፓስታ ሾርባ በስሎው ኩከር (በዝግታ በሚያበስለው የኤሌክትሪክ ማሰሮ) ልሠራ ነው፤ ግን የሚገኘው አሠራር እርስ በርሱ አይገጥምም። አንዱ ሁሉንም ነገር ጠዋት ጨምሮ መሄድ ነው ይላል፣ ሌላው መኮሮኒው ለብቻው ይቀቀል ይላል። ማሰሮዬ 6 ኳርት ነው፣ በላተኛው 8 ሰው። ጠዋት 3 ሰዓት ተጥዶ ማታ 12 ሰዓት መቅረብ አለበት።

ሥጋው ጥሬውን ይገባል ወይስ ይጠበሳል? ፓስታው ምን ያህል፣ መቼ? ቺሊ ፓውደር ከሌለ የኛ በርበሬ ይተካዋል? ደግሞስ መረቁ ውሃ ውሃ ሳይል የሚወፍረው በምንድን ነው? ልኩን በቁጥር ንገሩኝ፤ «እንደ ፍላጎት» የሚል መልስ ሞልቷል።

ባለድስት

እህቴ፣ ጠዋት የሚገባው መረቁ ብቻ ነው። ፓስታው የመጨረሻዋ ግማሽ ሰዓት ጉዳይ ነው። ጠዋት አብሮ የገባ መኮሮኒ ማታ ገንፎ ሆኖ ነው የሚጠብቅሽ፤ ምክንያቱም ስታርቹ ቀኑን ሙሉ እየወጣ መረቁን ሙጫ ያደርገዋል፣ ራሱ ፓስታውም ይፈርሳል።

ለ6 ኳርት (5.7 ሊትር ገደማ ነው) ልኩ ይኸውልሽ፦

የተፈጨ የበሬ ሥጋ 450 ግራም፤ አንድ ትልቅ ቀይ ሽንኩርት፤ አንድ የፈረንጅ ቃሪያ፤ 4 ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፤ ጥቁር ቦሎቄ አንድ ጣሳ እና ፒንቶ ቦሎቄ አንድ ጣሳ (እያንዳንዱ 425 ግራም፣ ታጥቦ የተንጠፈጠፈ)፤ በቆሎ አንድ ጣሳ ወይም አንድ ኩባያ ተኩል የበረዶ፤ የተፈጨ ቲማቲም አንድ ጣሳ 425 ግራም፤ ቲማቲም በአረንጓዴ ቃሪያ፣ ማለትም ሮቴል፣ አንድ ጣሳ 283 ግራም፤ የቲማቲም ድልህ 2 የሾርባ ማንኪያ፤ ጨው የሌለው ወይም ያነሰበት የሥጋ መረቅ 5 ኩባያ (1.2 ሊትር)፤ ቺሊ ፓውደር 2 የሾርባ ማንኪያ፤ የተፈጨ ከሙን 2 የሻይ ማንኪያ፤ ኦሬጋኖ 1 የሻይ ማንኪያ። ለመጨረሻ ደግሞ 225 ግራም መኮሮኒና አንድ ሎሚ።

ሥጋውን ጥበሺው። ጥሬውን ብታስገቢውም ይበስላል፤ ግን ተያይዞ ትልልቅ ጓል ይሆናል፣ ቀለሙ ግራጫ ይሆናል፣ ስቡም መረቁ ላይ ይንሳፈፋል። ሰፋ ያለ መጥበሻ በደንብ ይጋል፣ ሥጋውን ዘርግተሽ ሳትነካኪው 3 ደቂቃ ተዪው፣ ሥሩ ቡናማ ሲሆን ነው መበተን የሚጀመረው። ስቡን አፍስሺና አንድ የሾርባ ማንኪያ ያህል አስቀሪ። በእሷ ላይ ሽንኩርቱን 5 ደቂቃ አቁላዪ፣ ከዚያ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ድልሁና ቅመሙ ሁሉ ይግባና አንድ ደቂቃ ይማሰል። ይህቺን ደቂቃ አትዝለያት። ቅመም ጣዕሙን የሚለቀው በትኩስ ዘይት ውስጥ ነው፤ በቀጥታ ውሃ ውስጥ የገባ ከሙን 8 ሰዓት ቢቀቀልም ጥሬ ጥሬ ይላል። መጥበሻው ላይ የተጣበቀውን በአንድ ኩባያ መረቅ ፍቀሽ አንሺና ጨምሪው፤ ግማሹ ጣዕም እዚያ ነው ያለው።

ከፓስታና ከሎሚ በቀር ሁሉም ማሰሮው ውስጥ ይግባ፤ ሁለት ሦስተኛው ገደማ ይሞላል፣ ልኩም ያ ነው። ከ3 ሰዓት ጀምሮ በሎው (በዝቅተኛው ሙቀት) ለ8 ሰዓት ይቆይ። 11 ሰዓት ላይ ወደ ሃይ (ከፍተኛው ሙቀት) ቀይሪው። ጠርዝ ጠርዙ ላይ አረፋ ማውጣት ሲጀምር፣ 11 ሰዓት ተኩል አካባቢ ይሆናል፣ መኮሮኒው ይግባ። አንዴ ከሥሩ አማስለሽ ሁሉም መኮሮኒ መረቅ ውስጥ መጥለቁን አረጋግጪና ክደኚው። በ15 ደቂቃ ቅመሺ፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ይፈጃል። መሐሉ ትንሽ ጠንከር ሲል አጥፊው፤ ሳህን ላይ እስኪደርስ ራሱ ይጨርሳል።

ክዳኑን ለማየት ብለሽ ቀን ላይ አትክፈቺ። አንድ መክፈት ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ሙቀት ያስመልስሻል።

ፊዴዎ_ወዳጅ

ባለድስት ስለ መረቁ ያለው ትክክል ነው፤ በመኮሮኒው ግን አልስማማም። ደቡብ ቴክሳስ ውስጥ፣ በሳን አንቶኒዮም ሆነ በሪዮ ግራንዴ ሸለቆ፣ የዚህ ሾርባ ፓስታ ፊዴዎ ነው፦ አጭር የተቆረጠ ቀጭን ክር ፓስታ። የተፈጨ ሥጋና ቦሎቄ ሲገባበት ፊዴዎ ሎኮ ይሉታል።

ፊዴዎ መጀመሪያ ይቆላል። 200 ግራም ፓኬቱን በ2 የሾርባ ማንኪያ ዘይት መካከለኛ እሳት ላይ ከ4 እስከ 5 ደቂቃ እያማሰልሽ፣ ቀለሙ የተቆላ ገብስ እስኪመስል። ዓይንሽን አታንሺ፤ ከወርቃማ ወደ ማረር የሚሄደው በሰከንዶች ነው፣ አንዲት እፍኝ ካረረች ደግሞ ድስቱን ሁሉ ታመራለች። መቁላቱ ሁለት ነገር ይሠራል፦ የለውዝ ዓይነት ጣዕም ይሰጠዋል፣ ስታርቹንም ቶሎ እንዳይለቅ ያደርገዋል። በሃይ ከ10 እስከ 12 ደቂቃ ይበቃዋል።

መኮሮኒም ከሆነ ቆልቶ ማስገባት አይከፋም።

ቅመም_መደብ

ወደ በርበሬው ጥያቄ ልምጣ፤ ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው።

አሜሪካኖች ቺሊ ፓውደር የሚሉት የተፈጨ ቃሪያ ብቻ አይደለም፤ ከሙን፣ ኦሬጋኖና ነጭ ሽንኩርት ያለበት ድብልቅ ነው። ጨው ያለበትም አለ፣ ጀርባውን አንብቢ። የኛ በርበሬ ደግሞ ኮረሪማ፣ ዝንጅብል፣ በሶብላ፣ ጤና አዳም ተጨምሮበት የተዘጋጀ ነው። 2 የሾርባ ማንኪያ በርበሬ ብታስገቢ የሚወጣው ጥሩ ወጥ ነው፣ መኮሮኒ ያለበት ወጥ። ሚጥሚጣማ ጭራሽ፤ መጠኑ የሚያቃጥል ነው የሚሆነው።

የሚተካው ቅመም ያልገባበት ዛላ በርበሬ ነው። እስከ 5 ዛላ ውሰጂ፣ ፍሬውንና ጅማቱን አውጪ፣ በደረቅ መጥበሻ ላይ በየገጹ 10 ሰከንድ ያህል ጫን ጫን አድርጊው። መሽተት ሲጀምር አንሺ። ፈልቶ የወረደ ውሃ ውስጥ 20 ደቂቃ ዘፍዝፈሽ በግማሽ ኩባያ መረቅ ፍጪው። ከዱቄቱ ቺሊ ፓውደር እንዲያውም ይሻላል፤ ሜክሲኮዎችም በደረቅ ቃሪያ የሚሠሩት እንዲሁ ነው። ቃጠሎው የኛ ዛላ ስለሚበረታ በ3 ጀምረሽ ቀምሰሽ ብትጨምሪ ይሻላል። ከሙኑን በዚህ ጊዜ ወደ 3 የሻይ ማንኪያ አሳድጊው፣ ድብልቁ ውስጥ የነበረው ቀርቷልና።

ነጭ አዝሙድን በከሙን ምትክ የሚያስገባ አለ፤ ሌላ ቅመም ነው፣ ሾርባውን ያበላሸዋል።

ኦሬጋኖውም የሜክሲኮው ዓይነት ቢሆን ይመረጣል። ካልተገኘ ኮሰረት ቤት ውስጥ ካለ ሩብ የሻይ ማንኪያ ሞክሪ፤ የሜክሲኮ ኦሬጋኖና ኮሰረት ሁለቱም ሊፒያ ከሚባለው የዕፅዋት ወገን ናቸው። ከሩብ ማንኪያ ካለፈ ግን ንጥር ቅቤ ንጥር ቅቤ ይላል።

ጓዳ_ለጓዳ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ይሄን ነው የፈለግኩት። ሁለት ነገር ይቀረኛል። አንደኛ፣ ከጣሳ ይልቅ ደረቅ ቦሎቄ ጠዋት አብሬ ብከተው 8 ሰዓት አይበቃውም? ሁለተኛ፣ ለጾም ሥጋውን ባወጣው ሾርባው ይቀላል?

እሳትና_ውሃ

ደረቁን ቦሎቄ በቀጥታ እንዳትከቺው። በተለይ ቀይ ቦሎቄ ከሆነ። ጥሬው ውስጥ ፋይቶሄማግሉቲኒን የሚባል መርዛማ ፕሮቲን አለ፤ ማስታወክና ተቅማጥ ያመጣል። የሚሰበረው በፈላ ውሃ ነው፤ ስሎው ኩከር ደግሞ ለረጅም ሰዓት ከመፍያው በታች ስለሚቆይ ሳይሰብረው ሊቀር ይችላል። ቢያንስ 5 ሰዓት ዘፍዝፈሽ፣ ውሃውን ደፍተሽ፣ በአዲስ ውሃ ምድጃ ላይ 30 ደቂቃ ገንፍሎ ይፍላ።

ለጥቁሩና ለፒንቶውም ቢሆን ሌላ ችግር አለ፦ የቲማቲም ኮምጣጣነት ቦሎቄ እንዳይለሰልስ ያግደዋል። 8 ሰዓት አይደለም 12 ሰዓት ቢቆይ ከጥርስ ጋር ይታገላል። ለብቻው ልስልስ እስኪል ተቀቅሎ ነው ቲማቲም የሚያየው። 180 ግራም ደረቅ ቦሎቄ ሲበስል ሁለት ጣሳ አይሞላም፣ አንድ ጣሳ ተኩል ገደማ ነው፤ ለሁለት ጣሳ 250 ግራም ያዢ።

ስለ መወፈሩ ማንም አልመለሰም። ስሎው ኩከር እንፋሎቱን ክዳኑ ላይ ሰብስቦ መልሶ ያንጠባጥበዋል፤ ምድጃ ላይ እንደሚሆነው ተንኖ አይወፍርም። ስለዚህ የምድጃ አሠራር ይዘሽ ከሆነ መረቁን በሩብ ያህል ቀንሺ። ማወፈሪያው ራሱ ቦሎቄው ነው፦ ከፒንቶው ግማሽ ጣሳ በሹካ ደፍጥጠሽ ጠዋት አስገቢ። ቴክሳሶች ማሳ ሃሪና፣ በኖራ ውሃ ተቀቅሎ የተፈጨ የበቆሎ ዱቄት ማለት ነው፣ 2 የሾርባ ማንኪያ በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጠው ከፓስታው ትንሽ ቀድመው ይጨምራሉ። እሱ ከሌለ ሁለት የበቆሎ ቶርቲላ (ስስ ቂጣ) ቀዳደሽ ጠዋት ክተቺ፣ ማታ ሟሙቶ ታጪዋለሽ። ሽሮ ዱቄት የሚል ሰው መምጣቱ አይቀርም፤ ያወፍራል፣ ግን ሾርባውን ጠቅልሎ ሽሮ ያደርገዋል።

የቲማቲም ኩብ ብቻ የሚያስገቡም አሉ። ኩቡ ቅርጹን እንዲይዝ ካልሲየም ክሎራይድ ይጨመርበታል፣ ቀኑን ሙሉ ቢቀቀል አይፈርስም፤ ለዚህ ነው ባለድስት የተፈጨውን ከሮቴል ጋር ያጣመረው።

ባለድስት

ለጾሙ፦ አይቀልም፣ የሥጋውን ቦታ የሚይዝ ነገር ካገኘ። 225 ግራም እንጉዳይ ደቅቆ ተከትፎ በ3 የሾርባ ማንኪያ ዘይት ውሃው ሙሉ በሙሉ ሄዶ ቡናማ እስኪሆን ይጠበስ፤ አንድ ጣሳ ቦሎቄም ይጨመር። ፓስታው እንቁላል የሌለበት መሆኑን እዪ፤ ተራው መኮሮኒ ስንዴና ውሃ ነው፣ ኤግ ኑድል የሚባለው ግን አይሆንም። የመረቅ ኩቡንም ጀርባ አንብቢ፣ «የአትክልት» ካላለ ብዙ ጊዜ ከሥጋ ወይም ከዶሮ ነው። ከላይ አቮካዶ።

ጨው መጨረሻ ላይ። ጣሳው፣ ሮቴሉ፣ ድልሁ ሁሉም ጨው ይዘው ይመጣሉ። ፓስታው በስሎ ካለቀ በኋላ ቅመሺ፣ ከዚያ ጨው፣ ከዚያ የአንድ ሎሚ ጭማቂ። ጎደሎ የመሰለሽ ጣዕም ከጨው ይልቅ ሎሚው ሆኖ ታገኚዋለሽ።

ሰሜን_ሆቴል_አይደለም

አዲስ አበባ ሆናችሁ ለምታነቡ። ከአሜሪካ የመጣ ማሰሮ 120 ቮልት ነው፤ ግድግዳው ላይ ያለው 220። በቀጥታ ከተሰካ ከ3 እጥፍ በላይ ኃይል ይስባል፣ ማሞቂያው ይቃጠላል። የ6 ኳርቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ200 እስከ 300 ዋት ስለሆነ ባለ 500 ዋት ትራንስፎርመር በቂ ነው፤ ግን ለ9 ሰዓት ያለማቋረጥ የሚሠራ ይሁን።

እዚህ ከፍታ ላይ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚፈላው። መኮሮኒው ከላይ ከተባለው 10 ደቂቃ ያህል ይጨምራል። ደረቅ ቦሎቄን በፕሬሸር ኩከር ጨርሱት፣ የመርዙም ጉዳይ አብሮ ያልቃል። መብራት መሐል ላይ ከሄደና ከ2 ሰዓት በላይ ከቆየ፣ ስንት ሰዓት እንደሄደ ካልታወቀም፣ ሥጋ ያለበትን ሾርባ መልሶ ማሞቅ አያድነውም፤ ይደፋ።

ጓዳ_ለጓዳ

ቺዙስ? ደግሞ የተረፈው ነገ ምን ይሆናል?

ፊዴዎ_ወዳጅ

ቺዙ ማሰሮው ከጠፋ ከ5 ደቂቃ በኋላ፣ እፍኝ እፍኝ እየተበተነ፣ ጠቅላላ 170 ግራም ቼዳር ወይም ሞንቴሬይ ጃክ። እየፈላ ከገባ ይለያያል፦ ስቡ ተለይቶ ከላይ ይንሳፈፋል፣ ቀሪው እንደ ማስቲካ ከማንኪያው ሥር ይያዛል። ተፈግፍጎ የሚሸጠው እንዳይጣበቅ ስታርች ወይም ሴሉሎስ ስለሚነሰነስበት አይቀልጥም ባይባልም ይሻክራል፤ ቁራጩን ገዝተሽ ራስሽ ፈግፍጊ። ሳወር ክሪም (የኮመጠጠ ክሬም) ማሰሮው ውስጥ አይገባም፣ ከቲማቲሙ ጋር ይበጣጠሳል፤ በየሳህኑ ላይ አንድ ማንኪያ።

የተረፈው፦ 225 ግራም ፓስታ ሌሊቱን እስከ ሁለት ኩባያ መረቅ ይጠጣል፣ ጠዋት ሾርባ ሳይሆን ፓስታ ነው የምታገኚው። 8 ሰው ባንድ ጊዜ የሚጨርሰው ከሆነ ማሰሮው ውስጥ ይብሰል። ሊተርፍ ነው ካልሽ ፓስታውን ለብቻው በጨው ውሃ ቀቅለሽ፣ ትንሽ ዘይት ነክተሽ፣ በየሳህኑ ክፈዪው። መረቁ ብቻውን ፍሪጅ ውስጥ ከ3 እስከ 4 ቀን፣ ፍሪዘር ውስጥ 3 ወር ይቆያል። በ2 ሰዓት ውስጥ፣ ጥልቀት በሌላቸው ዕቃዎች ከፋፍለሽ አስገቢው። ስታሞቂው ምድጃ ላይ ይሁን፤ ስሎው ኩከር የቀዘቀዘ ምግብ ለማሞቅ በጣም ይዘገያል፣ ፍሪጅ ያደረውን የሸክላ ማሰሮም የጋለ መደቡ ላይ ብታስቀምጪው ሊሰነጠቅ ይችላል።