በ1931 የሺካጎ አፓርታማ ወጥ ቤት ውስጥ ምን ይሰማል? (በረዶ፣ ከሰል፣ ጋዝ)

ሰላማዊት፦

ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ኮሎኔል ጆን ሮቢንሰን የሬዲዮ ድራማ እየጻፍኩ ነው፤ በ1935 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ አየር ኃይላችንን ስለመራው ጥቁር አሜሪካዊ አብራሪ። ከዚያ በፊት ኑሮው ሺካጎ ስለነበር ሁለት ትዕይንቶች በከተማዋ ደቡብ በኩል፣ ባለ ሦስት ፎቅ ኪራይ ቤት ውስጥ ይሆናሉ። አንዱ ጥር 1931፣ ሌላው ሐምሌ 1931።

አድማጭ ምንም ስለማያይ ቤቱን በድምፅ ብቻ ማሳየት አለብኝ። ምግብ በምን ይቀዘቅዝ ነበር? ከበስተኋላ የፍሪጅ ሞተር ባሰማ ያስኬዳል? አንዲት እናት በረዶው ቶሎ እንዳያልቅ በብርድ ልብስ ስትጠቀልለው ጽፌአለሁ፤ ልክ ነው? ቤቱስ በምን ይሞቃል፣ ማታ እሳቱን የሚያዳፍነው ማን ነው? በግምት የተጻፈ ነገር አየር ላይ እንዲውል ስለማልፈልግ እባካችሁ ዝርዝሩን አትንፈጉኝ።

ቀዝቃዛ መስመር፦

እህት ሰላማዊት፣ የፍሪጁን ሞተር አውጪው። የኤሌክትሪክ ፍሪጅ በጊዜው ነበር፤ ጀነራል ኤሌክትሪክ በ1927 ያወጣው፣ ኮምፕረሰሩ (የማቀዝቀዣውን ጋዝ የሚጨምቀው ሞተር) አናቱ ላይ እንደ ክብ ቆብ የተቀመጠው፣ 300 ዶላር ገደማ ይሸጥ ነበር። ርካሹ የፎርድ ሞዴል ቲ መኪና በ1925 ዋጋው 260 ዶላር እንደነበር ስታስቢ፣ ተራ ተከራይ ቤት ፍሪጅ እንደማይገባ ይገባሻል። እዚያ የምታገኚው የበረዶ ሣጥን ነው።

ሣጥኑ ከውጭ ሲታይ ቁም ሳጥን ይመስላል፤ ብዙውን ጊዜ ከኦክ እንጨት የተሠራ ነው። ውስጡ በዚንክ ወይም በኢናሜል ተለብጦ፣ በእንጨቱና በልባጩ መካከል ቡሽ ወይም ሰጋቱራ ይጠቀጠቃል። በረዶው የሚገባው ከላይ ነው። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ቁልቁል ይወርዳል፤ ምግቡን አቀዝቅዞ ራሱ ሲሞቅ በሌላው ጎን ሽቅብ ይወጣል፤ ተመልሶ በረዶውን ያገኛል። ስለዚህ ዕቃ እንደተገኘ አይደረደርም። ወተትና ቅቤ ከበረዶው ሥር፣ አየሩ ገና ሲወርድ በሚያገኛቸው ቦታ ይሆናሉ። ሽንኩርትና ዓሣ ደግሞ አየሩ ወደ በረዶው ሊመለስ ሲል በሚያልፍበት ላይኛው መደርደሪያ። የሽታቸውን ብዙውን እርጥቡ በረዶ ይይዘውና ከቀለጠው ውሃ ጋር በቱቦ ይወርዳል። ቦታቸው ከተቀያየረ ቅቤው ዓሣ ዓሣ ይላል።

ወደ ብርድ ልብሱ ልመለስ። ስህተት ነው፤ ነገር ግን በረዶ ለመቆጠብ ሲሉ ሰዎች በእርግጥ ይሠሩት የነበረ ስህተት ስለሆነ ከድራማው አታውጪው፤ ሌላ ሰው ያርማት። በረዶ የሚያቀዝቅዘው በመቅለጡ ነው። 1 ኪሎ በረዶ ቀልጦ ሲያልቅ 80 ኪሎካሎሪ ያህል ሙቀት ካጠገቡ ይወስዳል፤ ይህ ሙቀት 1 ኪሎ ውሃን ከ0 ወደ 80 ዲግሪ ሴልሺየስ የሚያደርስ ነው። የተጠቀለለ በረዶ አይቀልጥም፤ ስላልቀለጠም ሙቀት አይወስድም። በረዶው ይተርፋል፣ ወተቱ ይበላሻል። (ዛሬ ዱባይም ሆነ አዲስ አበባ ኤሲ የሚገጥም ባለሙያ «ባለ 1 ቶን»፣ «ባለ 2 ቶን» የሚለው ከዚሁ ዘመን የወረሰውን መለኪያ ነው። 2,000 ፓውንድ በረዶ በ24 ሰዓት ሲቀልጥ የሚወስደው ሙቀት 1 ቶን ይባላል፤ ቢቲዩ በሚባለው የሙቀት መለኪያ በሰዓት 12,000 ማለት ነው።)

በረዶው የፋብሪካ ነው። ውሃ በረጃጅም ቆርቆሮ ተሞልቶ በቀዘቀዘ ጨዋማ ውሃ ውስጥ ይነከርና ሁለት ቀን ገደማ ይቆያል፤ የተለመደው ግግር 300 ፓውንድ፣ ማለትም 136 ኪሎ ይመዝናል። እየረጋ ሳለ አየር ይነፋበታል፤ ካልተነፋበት መሐሉ ነጭና ደመናማ ሆኖ ይቀራል።

አሁን ለሐምሌው ትዕይንትሽ የሚሆን ድምፅ። ተከራይዋ መስኮት ላይ ካርድ ትሰቅላለች። በአራቱ ጠርዞች የበረዶው ክብደት በፓውንድ፣ 25፣ 50፣ 75፣ 100 ተብሎ ተጽፎበታል፤ የምትፈልገው ቁጥር ወደ ላይ ይዞራል። በረዶ አምጪው ከጋሪው ወይም ከካሚዮኑ ሳይወርድ ያነበዋል። ግግሩን በወፍራም ወስፌ መስመር በመስመር ሲወጋው ቋ፣ ቋ ይላል፤ ከዚያ አንድ ረጅም ስንጥቅታ። በብረት ጉጠት ነክሶ፣ ትከሻው ላይ ቆዳ ጣል አድርጎ፣ በጓሮ በኩል ባለው የእንጨት ደረጃ ይወጣል። ሺካጎ ውስጥ በረዶ በዋናው በር አይገባም። የደረጃውን ጣውላ ሲጢጥ አሰሚ፤ ኋላም በረዶው ዚንኩ ላይ ሲያርፍ ድፍን ያለ ጓታ። ብዙዎች የሚከፍሉት አስቀድመው ከገዙት የኩፖን ደብተር እየቀደዱ ነበር፤ ስለዚህ የሳንቲም ኳኳታ ሳይሆን የወረቀት ቅዳጅ ይሻላል።

በጥር ግን ካርዱን አውርጂው። ቆጣቢ ቤተሰብ በብርድ ወራት በረዶ አይገዛም፤ ከወጥ ቤቱ መስኮት ውጭ ሣጥን ያንጠለጥልና ቅቤና ሥጋውን እዚያ ያስቀምጣል። ችግሩ ወተት ነው። ጠርሙሱ በር ላይ ከቆየ ወተቱ በረዶ ሲሆን ይፋፋና የወረቀት ክዳኑን ሽቅብ ይገፋዋል፤ ክሬሙ ከአንገቱ በላይ ቆሞ ይታያል።

ባለ ቦይለሩ፦

ቀዝቃዛ መስመር በረዶውን ጨርሶታል፤ እኔ እሳቱን ልያዝ።

ሰላማዊት፣ መጀመሪያ ቤቱ ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ወስኚ። በርካሹ ቤት እያንዳንዱ ተከራይ የራሱ የከሰል ምድጃ አለው፤ ከሰሉን በባልዲ ከታች ያወጣል፣ አመዱን በባልዲ ያወርዳል። በተሻለው ቤት ምድር ቤት ውስጥ አንድ ቦይለር አለ፣ እንፋሎቱ በቧንቧ ወደየቤቱ ይወጣል፣ እሳቱን የሚይዘው የሕንፃው ጽዳትና ጥበቃ ሠራተኛ ነው። እነዚህ ሠራተኞች ሺካጎ ውስጥ ጠንካራ የሠራተኛ ማኅበር ነበራቸው።

ለሬዲዮ የሚመቸው እንፋሎቱ ነው። በብዙ ቤቶች ራዲያተሩ (እንፋሎት ገብቶበት ክፍሉን የሚያሞቀው ብረት) ባለ አንድ ቧንቧ ነው፤ እንፋሎቱ በሚገባበት ቧንቧ ውስጥ የቀዘቀዘው ውሃ ይመለሳል። እንፋሎት ሲመጣ በመጀመሪያ ከጎኑ ያለችው ትንሽ ማስተንፈሻ «ሽ…» እያለች አየሩን ታወጣለች፤ እንፋሎቱ ሲደርስባት ዝም ትላለች። የራዲያተሩ መክፈቻና መዝጊያ ቫልቭ ወይ ሙሉ በሙሉ ይከፈታል ወይ ሙሉ በሙሉ ይዘጋል። ሙቀት ለመቀነስ ብሎ ግማሹን የዘጋ ሰው፣ የሚመለሰው ውሃ መውጫ አጥቶ ውስጥ ይጠራቀምበታል፤ እንፋሎቱ ያንን ውሃ ሲገፋው በመዶሻ እንደተመታ ብረት ደንግ፣ ደንግ ይላል። ራዲያተሩ ወደ ቫልቩ በኩል ዘንበል ብሎ ካልቆመም ይኸው ነው። ሌሊት ሲበርዳቸው ተከራዮቹ ራሳቸው ቧንቧውን በማንኪያ ይቀጠቅጡ ነበር፤ ምድር ቤት ያለው ሰው እንዲሰማ። ሁለቱ ድምፆች ይለያያሉ፤ የውሃው ጥልቅና ያልተስተካከለ ነው፣ የማንኪያው ቀጭንና ምት ያለው።

ስለ ማዳፈን፦ እኛ ቤት እሳት የሚዳፈነው በአመድ ነው፤ ፍሙ ረመጥ ውስጥ ያድራል። እዚያ አሠራሩ ይለያል። ሺካጎ ያለችበት ክፍለ ግዛት፣ የኢሊኖይ፣ ከሰል ለስላሳና ጭሳም ስለሆነ የሚዳፈነው በራሱ በአዲስ ከሰል ነው። ማታ ከሰሉ የሚነድበትን የብረት ፍርግርግ አመዱ እንዲወርድ በእጀታው ያንገጫግጩታል፤ ከሥሩ የመጀመሪያው ቀይ ብልጭታ ሲታይ ማቆም ያስፈልጋል፣ ከዚያ ካለፈ ያልነደደ ከሰል ከአመዱ ጋር ይወድቃል። ፍሙን ወደ ኋላ ይገፉና አዲሱን ከሰል ከፊት በኩል ይከምራሉ፤ ከኋላ ቀይ ፍም ተገልጦ መቅረት አለበት። ከአዲሱ ከሰል የሚወጣው ጋዝ እንደወጣ የሚቀጣጠለው በዚያ ፍም ነው። ለጥቂት ደቂቃ አየር ሰጥተው ጋዙ ሲነድ ካዩ በኋላ የታችኛውን የአመድ በር ይዘጋሉ።

አብዛኛው ጥፋት የሚመጣው እዚህ ነው። ፍሙን በሙሉ በደቃቅ ከሰል የሸፈነ ሰው ጋዙን ያለ እሳት ያጠራቅማል፤ ኋላ ነበልባል ሲያገኝ በአንድ ጊዜ ቦግ ብሎ በሩን በርግዶ ይከፍታል፣ ምድር ቤቱን በጥቀርሻ ይሞላል። እሳቱን ከላይ እስከ ታች በመቆስቆሻ የሚያማስል ደግሞ አመዱን ወደ ግለቱ ያወጣዋል፤ አመዱ ይቀልጥና እንደ ጥቁር ጠርሙስ ተጋግሮ የአየሩን መንገድ ይደፍናል። ከሥር አመድ ሳይዛቅ ቀርቶ ፍርግርጉን ከነካ፣ ብረቱን የሚያቀዘቅዘው አየር ይቋረጥና ፍርግርጉ ይጣመማል። የጭስ ማውጫውን መዝጊያ ሙሉ ለሙሉ መዝጋት ግን ከሁሉም የከፋ ነው። የከሰል ጭስ አፍኖ መግደሉን የኛ ሰው ያውቀዋል።

አመድ በእንጨት ዕቃ አይቀመጥም፤ የጓሮው ደረጃና በረንዳ እንጨት ስለሆነ የተደበቀ ፍም ሕንፃውን ሊያነድ ይችላል። ስለዚህ ጠዋት የምታሰሚው አመድ በቆርቆሮ በርሜል ውስጥ ሲዘረገፍ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ከዚህ ሁሉ ከሰል የሚወጣው ጥቀርሻ ግድግዳ ላይ ይቀመጣል፤ የዚያን ጊዜ የግድግዳ ወረቀት ደግሞ በውሃ አይታጠብም ነበር። በጸደይ ወረቀቱን የሚጠርጉት እንደ ሊጥ ባለ ማጽጃ እያንከባለሉ ነው፣ ሊጡ ሲጠቁር አጥፈው ያልቆሸሸውን ጎን ያወጣሉ። ሲንሲናቲ ውስጥ ይህን ሊጥ ይሠራ የነበረው ኩቶል የተባለ ኩባንያ ነው በኋላ፣ በ1956፣ ሊጡን የልጆች መጫወቻ አድርጎ «ፕሌይ ዶ» ብሎ የሸጠው።

ዘደቡብ ጎን፦

ሁለቱም ጥሩ ብለዋል፤ የሰፈሩ ነገር ግን ቀርቷል።

በዚያን ጊዜ ጥቁሮች ቤት የሚከራዩት በደቡቡ ጠባብ መስመር ውስጥ ነበር። ከዚያ ውጭ ባሉ ብዙ ሰፈሮች የቤት ባለቤቶች ለጥቁር ላለመሸጥና ላለማከራየት በውል ተፈራርመው ነበር። ከአሜሪካ ደቡባዊ ክፍለ ግዛቶች የሚመጣው ጥቁር ሰው ደግሞ አላቋረጠም። ውጤቱ፦ ስድስትና ሰባት ክፍል የነበረው አፓርታማ በጣውላ ተከፋፍሎ እያንዳንዱ ክፍል ለአንድ ቤተሰብ ተከራየ። ኪችኔት ይሉታል። መጸዳጃው የጋራ ነው፣ ኪራዩም ከቦታው ስፋት ጋር አይመጣጠንም። ትዕይንትሽ ኪችኔት ውስጥ ከሆነ ሰፊ ወጥ ቤት አታስቢ፤ አንድ የጋዝ ወይም የኤሌክትሪክ ማብሰያ፣ ቁም ሳጥን ውስጥ የተሸጎጠ ትንሽ የበረዶ ሣጥን፣ በስስ ግድግዳ የሚሻገር የጎረቤት ሳል።

ጋዙንም ጠንቀቅ በይ። ሺካጎ እስከዚያ ድረስ ታነድ የነበረው በፋብሪካ ከከሰል የሚወጣ ጋዝ ነው፤ የተፈጥሮ ጋዝ ከቴክሳስ በረጅም ቧንቧ የደረሰው በ1931 ነው። የድሮው ጋዝ ውስጥ ካርቦን ሞኖክሳይድ ስለነበር ሳይነድ ከፈሰሰ ራሱ መርዝ ነበር። በጥር ወር ትዕይንትሽ ያለው ይኸኛው የድሮው ጋዝ ነው፤ ነፋስ ነበልባሉን ቢያጠፋ ገጸ ባሕሪዎችሽ ወዲያው ወደ መስኮቱ ይሮጣሉ።

ቀዝቃዛ መስመር፣ ወንድሜ፣ ፍሪጅ ተከራይ ቤት አይገባም ያልከው ለዚህ ሰፈር ልክ ነው፤ ለከተማዋ በሙሉ ግን አይደለም። በ1920ዎቹ መጨረሻ ሺካጎ ውስጥ አንድ ኮምፕረሰር ምድር ቤት ሆኖ በቧንቧ ብዙ አፓርታማዎችን የሚያቀዘቅዝባቸው ትልልቅ ሕንፃዎች ነበሩ። በቧንቧው ከሚዘዋወሩት የማቀዝቀዣ ጋዞች አንዱ ሜቲል ክሎራይድ ነበር፤ ሽታው ደካማ ስለሆነ ሲያፈስ አያስነቃም፣ በ1929 እዚያው ከተማ ውስጥ ሰዎች ሞተውበታል። እንደነዚህ መርዛማ ያልሆነው የማቀዝቀዣ ጋዝ፣ ፍሬዮን፣ ይፋ የሆነው በ1930 ስለሆነ በሰላማዊት ድራማ ጊዜ ገና ብርቅ ነው።

ሰላማዊት፦

እግዜር ይስጥልኝ፣ ሦስታችሁም። የብርድ ልብሱን መስመር አማት እንድታርማት አድርጌ ቀይሬዋለሁ፤ የጥር ወሩም ትዕይንት ኪችኔት ውስጥ ሆኗል። አንድ ብቻ ቀረኝ፦ በሐምሌው ትዕይንት የቀለጠው ውሃ ሲንጠባጠብ ይሰማ ይሆን? በስንት ሰከንድ አንድ ጠብታ ላድርገው?

ቀዝቃዛ መስመር፦

ይሰማል፤ ያውም አንቺ ከምታስቢው ይፈጥናል። ሣጥኑ በሐምሌ በቀን 25 ፓውንድ ቢያቀልጥ 11 ሊትር ያህል ውሃ ይሆናል፣ በደቂቃ 8 ሚሊ ሊትር ገደማ። 1 ሚሊ ሊትር ወደ 20 ጠብታ ስለሆነ በሰከንድ ከ2 እስከ 3 ጠብታ አድርጊው። በሩ ተደጋግሞ ከተከፈተ ከዚያም ይፈጥናል።

ውሃው የሚወርደው ከሣጥኑ ሥር ወደሚገፋ ጎድጓዳ የቆርቆሮ ሳህን ነው። ባዶ ሳለ ጠብታው ቀጭን የብረት ድምፅ አለው፤ ሲሞላ ድምፁ ይወፍርና ውሃ በውሃ ላይ ይሆናል። ስለዚህ በአንድ ቅጂ ብቻ አታሰሚው። ሳህኑ ካልተደፋ ወለሉን አጥለቅልቆ ወደ ታችኛው ጎረቤት ጣሪያ ይወርዳል። በተቃራኒው ጠብታው ድንገት ጸጥ ካለ፣ ወይ በረዶው አልቋል ወይ ቱቦው ውስጥ ዝልግልግ ቆሻሻ ተጠራቅሞ ደፍኖታል፤ ይህን ለማስቀረት ቱቦው በየሳምንቱ በሙቅ ውሃና በልብስ ሶዳ ይታጠባል። የትኛው እንደሆነ የምታውቀው ላይኛውን ክዳን ከፍታ ስታይ ነው፤ ክዳኑ ከባድ ስለሆነ ማጠፊያው ይንጫጫል።