ነዳጅ የሞላባት ኢራቅ ስለ ምን መብራት አጣች?

ሰንበቴ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ለረጅም ጊዜ ሲከነክነኝ የቆየ አንድ ጉዳይ ላንሣ። ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው። ኢራቅ ከኦፔክ፣ ከነዳጅ ላኪ አገሮች ማኅበር፣ አባላት መካከል ከሳዑዲ ዓረቢያ ቀጥላ ብዙ ድፍድፍ ነዳጅ የምታመርት አገር ናት። በቀን 4 ሚሊዮን በርሜል ገደማ ታወጣለች፤ ከመንግሥቱ ገቢም ከመቶ 90 ያህሉ የሚገኘው ከዚሁ ነው። ይህችው አገር ግን ለኃይል ማመንጫዎቿ የሚሆን ጋዝ ከኢራን በቧንቧ ትገዛለች፤ ሙቀቱ 50 ዲግሪ በሚደርስባቸው ወራትም ሕዝቧ በፈረቃ መብራት ይኖራል። በኦገስት 2025 ደግሞ የማዕከሉና የደቡቡ ግዛቶች ጭራሽ በአንድ ጊዜ ጨለማ ውጧቸው ነበር።

አንድ ወዳጄ ጥፋቱ ሁሉ የአሜሪካ ነው፣ በቦምብ የፈረሰውን ማን ይጠግነው ይላል። እኔ ደግሞ ቴህራን ጎረቤቷን ሆን ብላ ጥገኛ አድርጋ ይዛታለች ባይ ነኝ። እውነቱን ለመናገር ሁለታችንም ከዜና ያለፈ የምናውቀው የለንም። ጉዳዩን በሙያም ሆነ በኑሮ የምታውቁት ብታስረዱን እወዳለሁ።

ባለ ቧንቧው

አቶ ሰንበቴ፣ ፖለቲካውን ለሌሎች ልተወውና እኔ ከሙያዬ ልጀምር። በመጀመሪያ ድፍድፍ መኖርና መብራት መኖር ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ማየት ያስፈልጋል። በደቡብ ኢራቅ በባስራ ዙሪያ ካሉት ከሩመይላ፣ ከምዕራብ ቁርናና ከዙበይር ጉድጓዶች ድፍድፉ ሲወጣ ጋዝ አብሮት ይወጣል። ይህን ጋዝ ለማመንጫ ለማዋል በየጉድጓዱ መሰብሰብ፣ ከውኃውና ከድኙ ማጣራት፣ አምቆ በቧንቧ መላክ ይጠይቃል። መሣሪያው ከሌለ ግን ድፍድፉን ለመሸጥ የቸኮለ ሰው ያለው አማራጭ ጋዙን እዚያው ማቃጠል ብቻ ነው። ኢራቅ ይህን ስታደርግ ኖራለች። በዓመት የምታቃጥለው ጋዝ ከ17 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ይበልጣል፤ በዚህም ከሩሲያና ከኢራን ጋር በዓለም ግንባር ቀደም ከሚባሉት ተርታ ቆማለች። ከኢራን በውድ የምታስገባው ጋዝ መጠን በራሷ ሰማይ ላይ ከምታነደው እንደማይበልጥ ልብ ይሏል።

ነገሩን ያባባሰው ደግሞ የተርባይን፣ ማለትም ነዳጅ እያነደደ ኃይል የሚያመነጨው ሞተር፣ ግዢው ነው። በ2008 መጨረሻ መንግሥት ከጄኔራል ኤሌክትሪክና ከሲመንስ እጅግ ብዙ የጋዝ ተርባይኖችን ለመግዛት ተዋዋለ። ተርባይኖቹ ሲመጡ ጋዙ አልነበረም። ስለዚህ ብዙዎቹ ድፍድፍና ከባድ የነዳጅ ዘይት እንዲያነዱ ተደረገ፤ ይህ ደግሞ የሚያመነጩትን ኃይል ይቀንሳል፣ ጥገናውንም ያበዛል። በዚያ ላይ የጋዝ ተርባይን በባሕርይው ሙቀት አይወድም፤ አየሩ በጋለ ቁጥር የሚሰጠው ኃይል ያንሳል፤ ሰው ሁሉ ማቀዝቀዣውን የሚከፍተውም በዚያው ሰዓት ነው።

የባስራ ጋዝ ኩባንያ ከሼልና ከሚትሱቢሺ ጋር በሽርክና በ2013 ሥራ ጀምሯል፤ ያጣራውም ጋዝ ቀላል የሚባል አይደለም። ቶታል ኢነርጂስ የተፈራረመው የ27 ቢሊዮን ዶላር ፕሮጀክትም በከፊል ለዚሁ የታሰበ ነው። ነገር ግን በ2021 ተፈርሞ እስከ 2023 ድረስ የኢራቅ መንግሥት ድርሻ ስንት ይሁን በሚል ክርክር ቆሞ ነበር። መሐንዲስ የሚያቃጥለው ይህ ነው፤ መፍትሔው ከታወቀ ቆይቷል።

ዘመነ ታሪክ

የባለ ቧንቧውን ማብራሪያ አመሰግናለሁ፤ የቆመው ግን የእኔ ትምህርት በሚጀምርበት ቦታ ላይ ነው። የወዳጅዎ ክርክር፣ አቶ ሰንበቴ፣ መሠረት የለውም አይባልም። በ1991ዱ ጦርነት የኃይል ማመንጫዎችና የማከፋፈያ ጣቢያዎች ተመርጠው ተደብድበዋል፤ ከዚያም እስከ 2003 በቆየው ማዕቀብ ምክንያት የመለዋወጫ ዕቃ ማስገባት አስቸጋሪ ነበር፤ ከወረራው በኋላም የመዳብ ሽቦው ሳይቀር ተዘረፈ። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ ከሃያ ዓመት በላይ አልፏል፤ ገንዘቡም አልጠፋም፤ ለዘርፉ በአሥር ቢሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር ወጥቷል። ስለዚህ የ1991 ቦምብ የ2025ን ጨለማ ብቻውን አያስረዳም።

ከ2003 በኋላ ሥልጣን የተከፋፈለው ኢራቃውያን ሙሐሰሳ በሚሉት የኮታ ሥርዓት ነው። እያንዳንዱ ሚኒስቴር ለአንድ ወገን ድርሻ ሆኖ ይሰጣል፤ ድርሻው ቅጥርንም፣ ጨረታንም፣ ውልንም ይጨምራል። የኤሌክትሪክ ሚኒስትር መሆን ግን በየዓመቱ የሙቀት ወራት በሕዝብ ፊት መሥዋዕት የመሆን ያህል ነው። በ2010 የባስራ ሕዝብ አደባባይ ወጥቶ ሰው ከሞተ በኋላ ካሪም ዋሒድ ሥልጣናቸውን ለቀቁ፤ በ2011 ራዓድ ሸላል በውል ቅሌት ምክንያት ተከተሏቸው፤ በ2018 እንደገና ባስራ ስትነሣ ጠቅላይ ሚኒስትር ሐይደር አል ዓባዲ ቃሲም አል ፋህዳዊን ከሥራ አገዱ፤ በ2021 ደግሞ ማጂድ ሐንቱሽ ለቀቁ። ሰዎቹ ተቀያየሩ፤ ድርሻው ግን ለድርሻ ባለቤቶቹ እንደ ጸና ኖረ።

ሁለተኛው ጉዳይ ሒሳቡ ነው። ከሚመነጨው ኃይል ግማሽ ያህሉ ገንዘብ ሳይሆን ይቀራል፤ ከፊሉ በአሮጌ መስመር ላይ ይባክናል፣ ከፊሉ በሕገ ወጥ ቅጥያ ይወሰዳል፣ ከፊሉ ደግሞ ቆጣሪ ላይ ቢመዘገብም የሚከፍለው የለም። መንግሥት ታሪፉን ለመጨመር አይደፍርም፤ ሕዝቡም ቀኑን ሙሉ ላልመጣ መብራት አልከፍልም ይላል፤ ይህም አነጋገር ፍርደ ገምድል አይደለም። በመካከሉ የሰፈር ጄኔሬተር ባለቤቶች አሉ። ቤተሰቡ ለመንግሥት የሚከፍለው ጥቂት ሲሆን ለእነርሱ ግን በአምፔር፣ ማለትም በሚወስደው የመብራት ልክ፣ እየተቆጠረ በየወሩ ይከፍላል። በየቀኑ መብራት ሲጠፋ ገቢ የሚያገኝ፣ በድጎማ ናፍጣ የሚገዛ፣ በብዙ ቦታም ከፓርቲና ከታጣቂ ጋር የተወዳጀ ነጋዴ መስመሩ እንዲጠገን የሚጓጓበት ምክንያት የለውም።

ከርእሱ ጥቂት ወጣ ብዬ አንድ ነገር ልጨምር። ኢራቃውያን የመንግሥቱን መብራት ወጠኒያ ይሉታል፤ ብሔራዊ ማለት ነው፤ ወጠን ከሚለው፣ አገር ከሚለው ቃል የወጣ ነው። በኦክቶበር 2019 ወጣቶች በባግዳድ ተሕሪር አደባባይ ሲጮኹት የነበረው መፈክር ደግሞ ኑሪድ ወጠን፣ አገር እንፈልጋለን የሚል ነበር። በዚያ ዐመፅ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተገድለው ጠቅላይ ሚኒስትር ዓዲል ዓብዱል ማህዲ ለቀቁ።

የድንበር ተመልካች

ወንድሜ ዘመነ ታሪክ ውስጡን በሚገባ አሳይተዋል፤ ይሁን እንጂ የአቶ ሰንበቴን ጥርጣሬ ቶሎ ያለፉት መሰለኝ። የኢራን ጋዝ በ2017 ወደ ባግዳድ መፍሰስ ከጀመረ ወዲህ በደኅና ጊዜ የአገሪቱን መብራት ሲሶ ያህል ተሸክሞ ኖሯል። አሜሪካ በ2018 ማዕቀቡን በኢራን ላይ ስትመልስ ለኢራቅ በየጥቂት ወሩ የሚታደስ የይለፍ ፈቃድ መስጠት ጀመረች፤ ገንዘቡ ግን ለቴህራን በእጇ አይሰጥም፤ በኢራቅ የንግድ ባንክ ሒሳብ ውስጥ ተቀምጦ ለምግብና ለመድኃኒት የመሳሰሉትን መግዣ ብቻ እንዲውል ተደረገ። ስለዚህ ዕዳው ይከማቻል፤ ዕዳው ሲከማች ኢራን ጋዙን ትቀንሳለች፤ ጋዙ ሲቀንስ በደቡብ ያሉት ናሲሪያና ባስራ ለተቃውሞ ይነሣሉ። በጁላይ 2023 ባግዳድ ከዚህ አዙሪት ለመውጣት ጋዙን በድፍድፍ እለውጣለሁ ብላ ተስማማች። በማርች 2025 ደግሞ ዋሽንግተን የኤሌክትሪክ ግዢውን ፈቃድ ሳታድስ ቀረች። አንዱ አገር ማብሪያውን፣ ሌላው ቦርሳውን ይዞ ኢራቅን በሁለት በኩል ይጎትቷታል።

ሆኖም ኢራን ሁልጊዜ ሆን ብላ ታጠፋለች የሚለውን አልቀበልም። በቅዝቃዜው ወራት ለራሷ ሕዝብ ማሞቂያ የሚሆን ጋዝ ስለሚያጥራት የውጭ ደንበኛዋን አስቀድማ መቁረጧ አያስደንቅም።

የጸጥታው ጉዳይ ለብቻው መታየት አለበት። በ2019 የሳዑዲው አብቃይቅ ማቀነባበሪያ በድሮንና በሚሳይል ሲመታ የሳዑዲ የነዳጅ ምርት በግማሽ ያህል ወርዶ ዓለም ሁሉ ተንጫጫ፤ በሳምንታት ውስጥም ተጠገነ። ኢራቅ ውስጥ የሚመታው ግን ወደ ውጭ የሚሸጠው ሳይሆን ሰው ቤት የሚገባው ነው። በ2021 የእስላማዊ መንግሥት ነኝ የሚለው ቡድን በኪርኩክ፣ በዲያላና በሰላሃዲን የማስተላለፊያ ምሰሶዎችን በፈንጂ ይጥል ነበር። በኤፕሪል 2024 በሰሜኑ የኩርዲስታን ክልል የሚገኘው የኾር ሞር ጋዝ ጣቢያ በድሮን ተመትቶ አራት የመናውያን ሠራተኞች ሞቱ፤ ክልሉም ከ2,000 ሜጋ ዋት በላይ ኃይል ወዲያው አጣ። ኾር ሞር ያኔ ለማስፋፊያ የታሰበ ቦታ ነበር፤ ከዚያ የሚወጣው ጋዝ ወደ ደቡብ ቢላክ ከኢራን የሚገዛውን በከፊል ይተካ ነበር። ድሮኑን የላከው ማንም ይሁን፣ ያን ማስፋፊያ የማይወድ መሆኑን መገመት ነቢይነት አይጠይቅም።

ቤይሩት የነበረች

እኔ ኢራቅን አላውቅም፤ ነገር ግን ሊባኖስ ሰባት ዓመት ሠርቻለሁና ያነበብኩት ሁሉ የኖርኩበት ቤት መሰለኝ። እኛ ዘንድ የመንግሥቱ መብራት ዳውሌ ይባላል፤ የሰፈሩ ጄኔሬተር ደግሞ ኢሽቲራክ። ቤቱ የነበረው 5 አምፔር ስለነበር ልብስ ማጠቢያውና የውኃ ማሞቂያው አብረው ከተከፈቱ ይዘጋል፤ ስለዚህ ዳውሌ በሌሊት በዘጠኝ ሰዓት ሲመጣ ተነሥቼ አጥብ ነበር። ኢጂት ኤል ካህራባ፣ መብራት መጣ የሚለውን ዐረብኛ ከሰላምታው ቀጥሎ የተማርኩት ለዚህ ነው።

አንድ የሚያስገርመኝ ነገር አለ። በ2021 ኢራቅ ለሊባኖስ 1 ሚሊዮን ቶን ከባድ ዘይት ለመስጠት ተስማማች። ራሷ ጨለማ ውስጥ ያለች አገር ለሌላው ጨለማ ዘይት ላከች። ዘይቱም ድኙ ስለበዛ ለሊባኖስ ማመንጫዎች የሚስማማ አልነበረም፤ ነጋዴዎች ወስደው በሚስማማው ይለውጡት ነበር። በዚያው ዓመት በኦክቶበር ዴር ዓማርና ዛህራኒ የሚባሉት ማመንጫዎች ቆመው አገሪቱ ሙሉ በሙሉ ጨለመች። ታሪፉም ከ1994 ጀምሮ እስከ 2022 መጨረሻ ሳይነካ የኖረ ነበር፤ ዘመነ ታሪክ ስለ ድፍረት ማጣት ያሉትን ያጸናል።

ሰንበቴ (ጠያቂ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እኔና ወዳጄ የተከራከርነው ጨለማውን ማን ጀመረው በሚለው ላይ ነበር፤ እናንተ ግን ማን ያቆየዋል ወደሚለው ወሰዳችሁኝ። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ፤ ከባሕረ ሰላጤው አገሮች ጋር መስመር መዘርጋቱ ለውጥ ያመጣል?

ባለ ቧንቧው

ይረዳል፤ ግን ቁጥሩን ይመልከቱት። ከኩዌት በደቡብ ኢራቅ ወዳለችው ፋው እንዲመጣ የተወሰነው መስመር በመጀመሪያው ደረጃ 500 ሜጋ ዋት ነው፤ ከቱርክ በ2024 የተጀመረው 300 ነው፤ ከዮርዳኖስ የመጣው ከዚያም ያነሰ ነው። በሙቀቱ ወራት የሚጎድለው ግን ከ10,000 ይበልጣል። ኩዌትም ብትሆን በጁን 2024 ለራሷ ሕዝብ ፈረቃ አውጃ ነበር፤ የባሕረ ሰላጤው ጎረቤት የሚተርፈው በቅዝቃዜው ወራት ነው፤ ባስራ የሚጨንቃት በሙቀቱ ነው። ጥቅሙ ከመጠኑ ይልቅ ባግዳድ ከቴህራን ጋር ስትደራደር ሌላም በር አለኝ እንድትል ማስቻሉ ላይ ይመስለኛል።

ቤይሩት የነበረች

ሊባኖሶችማ መጠበቁን ትተውት በየጣሪያው የፀሐይ ሰሌዳ ሰቀሉ። እኔ የሠራሁበት ሕንጻ ላይ ሦስት ቤተሰቦች አስገጥመው ነበር። አራተኛው ፎቅ ላይ ያሉት ባልና ሚስት መምህራን ናቸው፤ ደመወዛቸው ዋጋው በወደቀው የሊባኖስ ሊራ ስለነበር አልቻሉም። የኢሽቲራኩ ባለቤት ደንበኛ ሲቀንስበት ዋጋውን የጨመረው በእነርሱ ላይ ነው።