ካርል ብሌገን ሊኒየር ቢን ሳይፈታ ስሙ ለምን አብሮ ይነሳል?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሊኒየር ቢ የተባለውን ጥንታዊ ጽሕፈት በ1952 የፈታው እንግሊዛዊው አርክቴክት ማይክል ቬንትሪስ ነው። ታዲያ ጽሕፈቱ በተነሳ ቁጥር አሜሪካዊው አርኪዮሎጂስት ካርል ብሌገን ለምን ይጠራል? ትሮይን መቆፈሩን አውቃለሁ። ከፊደሉ ጋር የሚያገናኘው ምንድን ነው? (ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

መልስ 1፦
ሊኒየር ቢ የተጻፈባቸውን የፒሎስ የጭቃ ሰሌዳዎች ያወጣው እሱ ነዋ! ብሌገን (1887–1971) ሚኒያፖሊስ ተወልዶ አቴንስ ያረፈ፣ ዕድሜውን በቁፋሮ የጨረሰ ሰው ነው። ኤፕሪል 1939 ከግሪካዊው ኮንስታንቲኖስ ኩሩኒዮቲስ ጋር በመተባበር በደቡብ ምዕራብ ግሪክ ፒሎስ አካባቢ አኖ ኤንግሊያኖስ የሚባል ኮረብታ ላይ ቁፋሮ ጀመረ። የመጀመሪያው ቦይ በቀጥታ እዚያ ተቀብሮ በነበረ ጥንታዊ ቤተ መንግሥት መዝገብ ቤት ላይ አረፈ። በዚያው ወቅት ከ600 በላይ ሰሌዳና ስብርባሪ ወጣ።

ሰሌዳዎቹ እንዲቆዩ ተብለው የተተኮሱ አይደሉም። ጸሐፊው እርጥብ ጭቃ ላይ ጭሮ ያደርቃቸዋል፣ በቃ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1200 ገደማ ቤተ መንግሥቱ ሲቃጠል እሳቱ ጠበሳቸው፤ ያ ባይሆን ኖሮ አፈር ሆነው ቀርተው ነበር። በደንብ ያልተጠበሰው ከመሬት ሲወጣ ልፍስፍስ ነው፤ ሳይደርቅ ካነሱት ይፈረካከሳል። ቀርጤስ ደሴት ክኖሶስ ላይ እንግሊዛዊው አርኪዮሎጂስት አርተር ኤቫንስ ካወጣቸው ሰሌዳዎች ከፊሎቹ በሚያፈስ ጣሪያ የገባ ዝናብ አግኝቷቸው ጭቃ ሆነዋል። የፒሎሶቹ ግን ሁለተኛውን የዓለም ጦርነት በግሪክ ባንክ ካዝና ውስጥ አሳልፈው በ1951 በአሜሪካዊው ምሁር ኤሜት ቤኔት አማካይነት ታተሙ።

መልስ 2፦
ልክ ነው፤ ትልቁ ነገር ግን ቀርቷል። ብሌገን በ1952 ፒሎስን እንደገና ሲቆፍር አዳዲስ ሰሌዳዎች አገኘ። ከጸዱ በኋላ ምልክቶቹን በግሪክኛ የሚያስነብበውን የቬንትሪስን የድምፅ ሰንጠረዥ በአንዱ ላይ ሞከረና ሜይ 1953 ጻፈለት። ሰሌዳው የዕቃ ቆጠራ ነው፤ ከየቃሉ ጎን ዕቃው ተስሏል። ባለሦስት እግር ድስት ሁለት ሲሆን ቲ-ሪ-ፖ-ዴ፣ አንድ ሲሆን ቲ-ሪ-ፖ ይላል። ሥዕሉ አራት ጆሮ ካለው ኴ-ቶ-ሮ-ዌ፣ ሦስት ካለው ቲ-ሪ-ዮ-ዌ፣ ጆሮ ከሌለው አ-ኖ-ዌ። እኛ የድስት ጆሮ እንደምንለው ግሪኩም መያዣውን የጠራው በጆሮ ስም ነው። ቬንትሪስ ሰንጠረዡን ሲሠራ ይህን ሰሌዳ አላየውም፤ ስለዚህ እንዲስማማለት ብሎ አስተካከለው ሊባል አይችልም። ብዙ ተጠራጣሪዎችን ያሳመነው ይህ ነው።

ጠያቂው፦
አመሰግናለሁ። ግን ግሪኩ ትሪፖስ አይደል? ቲ-ሪ-ፖ ለምን ሆነ?

መልስ 2፦
ፊደል ለሚያነብ ሰው ይህ ቀላል ነው። ሊኒየር ቢ 87 ገደማ የድምፅ ምልክቶች አሉት፤ አብዛኞቹ እንደኛ ተነባቢና አናባቢን በአንድ ይይዛሉ። ሳድስ ግን የለውም። «ት»ን ብቻውን መጻፍ ስለማይችል ከቀጣዩ «ሪ» አናባቢ ተውሶ «ቲ» ይላል። መጨረሻ ላይ ያለውን «ስ» ደግሞ ጭራሽ ይተወዋል። በዚህ የተነሳ ፓ-ቴ «ፓቴር» (አባት) ወይም «ፓንቴስ» (ሁሉም) ሊሆን ይችላል፤ የሚለየው ዐውዱ ነው። ለ እና ረ እንኳ ምልክታቸው አንድ ነው። «ኴ»ን ልብ በል፤ እኛ እስከ ዛሬ የምንጽፈው ድምፅ ነው፤ በኋለኛው ግሪክኛ ግን ጠፍቶ አራት «ቴትራ» ሆኗል።

መልስ 3፦
ከሰሌዳዎቹ በፊት የሠራውም አይረሳ። ኤቫንስ ዋናውን የግሪክ ምድር ቀርጤስ ትገዛው ነበር ሲል፣ ብሌገን ከ1915–16 ጀምሮ ኮሪንቶስ አጠገብ ኮራኩ ላይ የሸክላ ስብርባሪ በየንብርብሩ ለይቶ ነበር። በ1918 ከእንግሊዛዊው አርኪዮሎጂስት አላን ዌስ ጋር የዋናውን ምድር ሸክላ የራሱ የዘመን ቅደም ተከተል ሰጡት። ሰሌዳዎቹ ግሪክኛ ሆነው ሲገኙ፣ ዋናው ምድር የቀርጤስ ተገዢ አልነበረም የሚለው የእነሱ ወገን በረታ።

የትሮይ ሥራው (1932–38) ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በትሮይ ፍርስራሽ ከተማዎቹ አንዱ በአንዱ ላይ ተደራርበው በቁጥር ይጠራሉ፤ ትሮይ 6 በመሬት መንቀጥቀጥ ፈረሰ፣ ግሪካዊው ገጣሚ ሆሜር የዘመረላት ቀጣዩዋ 7ሀ ናት ያለው በግንብ ስንጥቅ፣ በተጠጋጉ ጎጆዎችና አፋቸው ብቻ እስኪቀር ወለል ውስጥ በተቀበሩ የእህል ጋኖች ተመርኩዞ ነው። ጋኖቹን የከበባ ስንቅ አድርጎ አነበባቸው፤ ይህ ንባብ ዛሬም ያከራክራል።