ለጀማሪ ልጅ በነጭ ኪንግስ ኢንዲያን አታክ ብቻ? የቡድን ክርክር

አወያይ፦
የዛሬውን ጥያቄ የላከችልን አንዲት የቡድናችን አባል ናት። ልጇ የሚሠለጥንበት የቼዝ ክለብ ጀማሪዎች በነጭ ሲጫወቱ አንድ አሰላለፍ (ኪንግስ ኢንዲያን አታክ የሚባለውን) ብቻ ነው የሚፈቅደው፦ ፈረስ ኤፍ3፣ ጂ3፣ ቢሾፕ ጂ2፣ ካስሊንግ (ንጉሡን ከሩኩ ጋር አዛውሮ ወደ ዳር መደበቅ)፣ ዲ3፣ ፈረስ ዲ2፣ ከዚያ ኢ4 (ፊደልና ቁጥሩ የቦርዱ ካሬ ስም ነው፤ የጠጠር ስም ካልተጠራ የሚሄደው ወታደር ነው)። ጥቁር ምንም ቢጫወት ለውጥ የለም። ይህ ልጆችን ይጠቅማል ወይስ ያሰንፋል? ስድብ የለም። የኢንጂን (የቼዝ ኮምፒውተር ፕሮግራም) ቁጥር ለጥፎ መጥፋትም የለም።

ፈረሰኛው፦
ልጆች ስለማሠለጥን አቋሜን ቀድሜ ልናገር፤ ክለቡን እደግፋለሁ። ጀማሪ የሚሸነፈው መክፈቻ ስላላጠና አይደለም። ፈረሱን ያለ ጠባቂ ትቶት ይበላበታል፣ ወይም ንጉሡ መሃል እንደቆመ ሩክ ይመጣበታል። በዚህ አሰላለፍ ግን በ4 እርምጃ ካስል አድርጎ ከጂ2 ቢሾፕ ጀርባ ይገባል። ወታደሮቹም ቶሎ ስለማይጋጩ ለማሰብ ፋታ ያገኛል። ሲሲሊያን፣ ካሮ-ካን፣ ፈረንሳይ እያልኩ የጥቁርን መከላከያዎች ሁሉ ባስሸመድደው ቼዙን ራሱን ይጠላዋል። ደግሞ የጀማሪ መጫወቻ ብቻ አይደለም። አሜሪካዊው ፊሸር እ.ኤ.አ. በ1967 ቱኒዚያ፣ ሱስ ከተማ ላይ ሞንጎሊያዊውን ሚያግማርሱረንን ያሸነፈው በዚሁ ነው፤ ንግሥቱን ኤች7 ላይ ሰውቶ!

ጥቁር ሜዳ፦
ኮች፣ ያቺን ጨዋታ ሰው ሁሉ የሚጠቅሳት ለመጨረሻዋ እርምጃ ነው። እስኪ 13ኛዋን እንያት። ፊሸር ኢ5 ገፍቷል፣ ኤች4 ገፍቷል፣ ቢሾፑን ኤፍ4 ላይ አውጥቶ ወደ ንጉሡ እየገሰገሰ ነው። ጥቁርም በሌላው ጫፍ የኤ ወታደሩን ኤ4 ድረስ አድርሷል። "አሰላለፌን ጨርሻለሁ፣ አሁን ማጥቃት ብቻ" ብሎ የተማረ ልጅ እዚህ ጋ ማጥቃቱን ይቀጥላል፣ ጥቁርም ወታደሩን ኤ3 ላይ ሰክቶ የነጭን የኋላ ደጅ ይከፍታል። ፊሸር ግን ጥቃቱን አቁሞ ራሱ ኤ3 ተጫወተ። የተጋጣሚውን ሐሳብ አይቶ ማለት ነው። ክለቡ "ጥቁር ምንም ቢጫወት" ሲል የሚሰርዘው ይህንኑ ነው።

ሌላም አለ። ያ ጥቃት የሠመረው ጥቁር ኢ6 ስለተጫወተ ነው። ቢሾፑ ከወታደሮቹ ጀርባ ታፍኖ ይቀራል፣ ነጭ ኢ5 ሲገፋ ደግሞ ንጉሡን የሚጠብቀው ፈረስ ከኤፍ6 ይባረራል። ጥቁር ዲ5ንና ሲ6ን አድርጎ ቢሾፑን ቀድሞ ኤፍ5 ላይ ካወጣውስ? ያኔ የጂ2 ቢሾፕ ግድግዳ ሲያይ ይውላል። የቀድሞው የዓለም ሻምፒዮን ላስከር በ1924 የኒውዮርክ ውድድር ላይ ታላቁን ተጫዋች ሬቲን በጥቁር የረታው በዚህ ዓይነት አቋቋም ነው።

ፈረሰኛው፦
ወንድሜ፣ ኒውዮርክን ካነሳህማ ሙሉውን ተናገር። በዚያው ውድድር ሬቲ የወቅቱን የዓለም ሻምፒዮን ካፓብላንካን አሸንፏል! ከ1916 ጀምሮ ማንም ያላሸነፈውን ሰው፣ በ1ኛ እርምጃ ፈረስ ኤፍ3 ብሎ፣ ሁለቱንም ቢሾፖች ጥግ ላይ ሰክቶ።

ጥቁር ሜዳ፦
ልክ ነው፤ ግን በ2ኛው እርምጃ ሲ4፣ በ3ኛው ቢ4 ተጫውቶ። ዲ3 ብሎ አልተኛም።

የሁለት ልጆች እናት፦
ጥያቄው የኔ ስለሆነ ልጨምርበት። ልጄ 10 ዓመቱ ነው፤ መጀመሪያዎቹን እርምጃዎች ቦርዱን እንኳ ሳያይ ነው የሚጫወተው። እሱ አያስጨንቀኝም። የሚያስጨንቀኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው፦ ጥቁር ዲ5ና ኢ5 ላይ ሁለቱን ወታደሮች ሲተክልበት ፈረሱን ወዲያና ወዲህ ያመላልሳል። ሲሸነፍ "ምን ልሥራ፣ አሰላለፌን ጨርሼ ነበር እኮ" ይለኛል።

ፈረሰኛው፦
እህቴ፣ ይህ የመክፈቻው ጥፋት አይደለም፣ ያስተማረው ሰው ጎደሎ ነው። ጥቁር ሁለቱን ወታደሮች ሲተክል ነጭ የሚጫወተው ፒርክ መከላከያን (ይህንኑ አሰላለፍ ጥቁር ሲጫወተው) ነው፣ አንድ ቴምፖ (የእርምጃ ቅድሚያ) ጨምሮ። እቅዱም የታወቀ ነው፦ ኢ4 ይገፋል፣ ዲ5 ላይ ይበላል፣ ሩኩን ኢ1 ላይ አቁሞ የኢ5ን ወታደር ይጫነዋል። ሲ3 ብሎ ዲ4ን ማዘጋጀትም አለ። መሃሉን ለጥቁር የምንሰጠው ልንመታው ነው። የማይመታ ከሆነ ግን በነፃ ሰጠው ማለት ነው፤ እዚህ ላይ ከጥቁር ሜዳ ጋር አልጣላም።

ማታ ተጫዋች፦
እኔ በስልክ ብሊትዝ (በጥቂት ደቂቃ የሚያልቅ ፈጣን ጨዋታ) ነው የምጫወተው፣ ስለ ሰዓትም ይነገር። ተጋጣሚዬ በመክፈቻው ላይ ሲያስብ እኔ ካስል አድርጌ ጨርሻለሁ። የዓለም ሻምፒዮኑ ካስፓሮቭም በ1997 ከዲፕ ብሉ ኮምፒውተር ጋር በመጀመሪያው ጨዋታ ፈረስ ኤፍ3ና ጂ3 ብሎ ነው የገባው፤ ማሽኑን ካጠናው ነገር ለማስወጣት። አሸነፈም።

ጥቁር ሜዳ፦
አሸነፈ፤ ግጥሚያው ሲያልቅ ግን 3.5 ለ2.5 ተሸነፈ። 😄 ለብሊትዝ አልከራከርህም። ልጅ ለማሳደግ ግን ሰዓት መቆጠብ መመዘኛ አይመስለኝም፤ ልጁ ሰዓቱን ቢያባክንና ቢያስብ እመርጣለሁ።

ጋሽ ሰንጠረዥ፦
ልጆች፣ እኔ ይህን የውጭ ስም አላጠናሁም። በእኛ በጥንቱ ሰንጠረዥ ግን ወረራ የሚባል አለ። የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ተራ መጠበቅ የለም፣ ሁለቱም ወገን እንዳሻው ሠራዊቱን ያሰልፋል። ላላየው ሰው ሁለቱ ሰዎች ለየብቻቸው የሚጫወቱ ይመስለዋል። አዋቂው ግን ዓይኑን ከባላጋራው እጅ አይነቅልም፤ ያኛው ፈረሱን ሲያዞር እሱም ያሰበውን ይለውጣል። እናንተ የምትሉት ልጅ እጁ ሰልጥኗል፣ ዓይኑ አልሰለጠነም።

ፈረሰኛው፦
ጋሼ፣ ዕድሜ ይስጥልን። ዘንድሮ ክፍል ውስጥ እጠቅሰዎታለሁ።

ማታ ተጫዋች፦
እሺ፣ ግን የዓለም ሻምፒዮና ላይ ያለውንስ ምን ትሉታላችሁ? 2024፣ ሲንጋፖር፣ 14ኛው ጨዋታ። ሻምፒዮኑ ዲንግ ሊሬን በነጭ ፈረስ ኤፍ3፣ ጂ3፣ ቢሾፕ ጂ2። ያን ሁሉ ሰዓት አቻ የሚሸት ጨዋታ ሆኖ ቆየ። በ55ኛው እርምጃ ሩኩን ኤፍ2 ላይ ባያስቀምጥ ተጋጣሚው ጉኬሽ በዚያ ቀን ሻምፒዮን አይሆንም ነበር። አስተማማኝነት ማለት ይኼ ነው።

ጥቁር ሜዳ፦
አስተማማኝነቱን አልክድም። ግን በ4ኛው እርምጃ ዲንግ ምን ተጫወተ? ዲ4! ጥቁር ሲ5 ስላለ መሃሉን በቀጥታ መታው። ግሩንፌልድ የሚባለውን የጥቁር መከላከያ ገልብጦ በነጭ መጫወት ማለት ነው፤ የእናንተ ዲ3 የት አለች? እዚያው ግጥሚያ 11ኛውን ጨዋታ ያሸነፈው ጉኬሽም ፈረስ ኤፍ3 ብሎ ጀምሮ በ2ኛው ሲ4፣ ዲንግ ዲ4 ብሎ ሲያልፈው በ3ኛው ቢ4 ተጫውቷል። ታላላቆቹ በዚህ በር ይገባሉ፤ ከገቡ በኋላ የሚሄዱበትን ክፍል የሚመርጥላቸው ጥቁር ነው። እዚህ መክፈቻ ላይ የምወደውም እሱን ነው፦ ከፈረስ ኤፍ3 ተነስተህ ወደ እንግሊዝ፣ ወደ ካታላን መክፈቻ፣ 1ኛው መልስ ሲ5 ከሆነ ኢ4 ብለህ ወደ ሲሲሊያን ትሻገራለህ። ክለቡ ይህን ሁሉ መንገድ ዘግቶ አንዱን ብቻ ትቶ "ተለዋዋጭ መክፈቻ" ይለዋል።

የዲንግን ጨዋታ ካነሳችሁ አይቀር፦ ሩኩ ኤፍ2 ላይ ሲያርፍ ጥቁር ሩኮቹን አስለውጦ ኤ8 ጥግ ላይ የነበረውን የነጭ ቢሾፕ በግድ አስለወጠው። ያ ከጂ2 የተነሳው ቢሾፕ ነው። መክፈቻውን ለመውቀስ አይደለም፣ ብቻ ሳየው ሁልጊዜ ያሳዝነኛል።

ፈረሰኛው፦
አንድ ዓመት አሰላለፉን፣ በሁለተኛው ዓመት ሲ4ን እጨምራለሁ ብልህስ? መጀመሪያ ንጉሡን ማዳን ይልመድ።

ጥቁር ሜዳ፦
አንድ ዓመት ይበዛል። የለመደ እጅ አይመለስም። ከሦስት ወር በኋላ ጀምርለት፤ 4ኛውን እርምጃ ከመጫወቱ በፊት "ጥቁር መሃሉን በምን ያዘ?" የሚለውን ይመልስ። በኢ6 ከሆነ ኪንግስ ኢንዲያን አታክህ ይግባ፣ የትም የለም የሚያህለው። ቢሾፑ ከወጣ ሲ4።

የሁለት ልጆች እናት፦
ቅዳሜ ውድድር አለው፣ ለሱ የሚሆን ነገር ስጡኝ። ብዙ ልጆች 1ኛ ዲ5፣ 2ኛ ቢሾፕ ጂ4 ይጫወቱበታል።

ፈረሰኛው፦
ቢሾፕ ጂ2 ይበል፣ ከዚያ ኤች3 ብሎ ይጠይቀው። ፈረሱን ከበላለት ሁለት ቢሾፕ ይዞ ይቀራል።

ጥቁር ሜዳ፦
ሁለት ቢሾፕ ለ10 ዓመት ልጅ ምን ያደርግለታል? ሲ4 ብሎ ዲ5ን ይንካው።

የሁለት ልጆች እናት፦
ሁለቱንም ጻፍኩ። ዲ4 ብሎ ቢያልፈውስ?

ጥቁር ሜዳ፦
ኢ3 ይበል። ያቺ ወታደር ብዙ ርቃ ሄዳለች፣ ጠባቂ ይፈልጉላት።

ፈረሰኛው፦
ካስል ካደረገ በኋላ!